የእርግብ ቤት ቋንቋ

ጠጋ በሉ እስቲ። ወንበር ያልበቃው ምንጣፉ ላይ ይቀመጥ፤ ስልኩንም ለጊዜው ኪሱ ውስጥ ያስተኛው። ወሬዬን የምጀምረው ከመሐሉ ነው፤ እሷም ነገሩ ውስጥ የገባችው ከመሐሉ ነውና።

ማንኪያው አየር ላይ ተንጠልጥሏል። ማንኪያው ላይ ሾርባ አለ፤ ሾርባው ውስጥ ተፈጭቶ የተበጠበጠ ክኒን አለ። ማንኪያውን የያዘችው ልብስ ሰፊዋ ናት። አንገቷ ላይ ሜትሯ ዞሯል፤ ከንፈሯ መሐል እንደ ልማዷ እስፒሎች ነክሳለች። በእስፒሎቹ መሐል እያሾለከች ስለምትናገር ወሬዋ ሁሉ ማጉረምረም ይመስላል።

«ንገሪው!» አለች። «ዋጥ ያድርገው! እንደ ግንድ ተጋድሞ እስከ መቼ ነው? በላ አልበላ እኔ ምን አገባኝ በዪው!»

አልጋው ላይ የተኛው ባሏ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል።

በሁለቱ መሐል የቆመችው ልጅ የታችኛው ፎቅ ጎረቤታቸው ናት፤ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ፣ ሰፈሩ ሁሉ ድንቢጥ የሚላት። አፏን ከፈተች፤ «ዋጥ»ን ግን በስፓኒሽ አታውቀውም። «ክኒን»ንም አታውቀውም። «ምን አገባኝ»ንማ ተዉት። ስፓኒሽ የተማረችው ጣሪያ ላይ፣ እርግብ ቤት ውስጥ ነው፤ እርግብ ደግሞ ክኒን አይውጥም።

ይህቺን ላስረዳችሁ፤ ማንኪያው ትንሽ ይታገሠን።

ሰውዬው በያጅ ነው። በወጣትነቱ ድልድይ ሊበይድ ከሩቅ አገር መጣ። ድልድዩ አለቀ፣ ጓደኞቹ ተመለሱ፤ እሱ ግን የረዘመበትን ሱሪ ሊያሳጥር ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ገባና በዚያው ቀረ። ልጅ አልወለዱም። ቋንቋችንን ተማረ፤ ተማረ ስላችሁ ግን ወንድና ሴት ሳይለይ ነው። ያን ሁሉ ጢም ያንጠለጠለ የሕንፃውን ዘበኛ «አንቺ፣ እንዴት አደርሽ?» ይለዋል፤ ሚስቱን ደግሞ «አንተ፣ የት ነህ?» እያለ ይጣራል። ዘበኛውም ለምዶት «ደህና ነኝ ጋሼ፣ አንቺስ?» ይለው ነበር።

ጣሪያው ላይ ከብረትና ከሣጥን ስብርባሪ የሠራው እርግብ ቤት አለ። ድንቢጥ ገና የወተት ጥርሷ ሳይወልቅ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደዚያ ትወጣለች። እሷ ኩሱን ትጠርጋለች፣ ውኃውን ትቀይራለች፤ እሱ ቋንቋውን ያስተምራታል። ስምምነታቸው ይኸው ነበር። ግን እንደ ትምህርት ቤት «ይህ መስኮት ነው፣ ይህ እርሳስ ነው» አልነበረም።

«ስማ!» ይላታል፤ እሷንም እንደ ወንድ ነዋ የሚያናግራት። አንዲት እርግብ እንቁላሏ ላይ ሆና ጉሮሮዋን ነፍታ ኩርርር ትላለች። «ሱሬያር። በእናንተስ?»

«ታንጎራጉራለች?»

«አይ፣ ጎሪዮን! ማንጎራጎር እናትህ ሳህን ስታጥብ የምታደርገው ነው።» ጎሪዮን ማለት በሱ ቋንቋ ድንቢጥ ማለት ነው፤ ስሟንም ተርጉሞላታል።

እንዲህ እየተከራከሩ ነው ቃል የሚገበያዩት። ጫጩት ሲርበው ፒያር፤ «ጭው ጭው ማለት» አለች ድንቢጥ፣ ጸደቀላት። ጠዋት ሽቦው ላይ የሚሰፍሩት ወፎች የሚያደርጉት ጎርኼያር ነው፤ «መንጫጫት» ብትል «መንጫጫት ያንተ ክፍል ነው!» ብሎ ሳቀባት፤ ስንት ቅዳሜ ከርመው «ማዜም» ላይ ታረቁ። የታመመች እርግብ ደረቱ ላይ አስጠግቶ በትንፋሽ ብቻ ሲያናግራት፣ ሱሱራር፤ እሱ ሹክሹክታ ሆነ። አሩያር የሚባል ደግሞ አለ፤ እርግብ ለጓደኛዋ፣ እናት ለልጇ የምትለው። ለዚህ ድንቢጥ አልተጨነቀችም። «እሹሩሩ!» አለች። በያጁ ቃሉን ደጋግሞ አላመጠው፤ ወደደው። ከዚያ ወዲያ እህል የሚበትነው «እሹሩሩ፣ እሹሩሩ» እያለ ሆነ።

ያቺን የታመመች እርግብ ውኃ በጣቱ ጫፍ ሲያቀምሳት የሚላትንም ድንቢጥ ሰምታ ይዛለች። ሚ ቢዳ፣ ሕይወቴ። ሚ ሲዬሎ፣ ሰማዬ። ኮራሶን፣ ልቤ። ኡን ፖኪቶ፣ ትንሽዬ ብቻ። ያ ብረት የሚያቀልጥ ሰውዬ፣ እጁ እንደ ቅርፊት የሻከረ፣ ለወፍ እንዲህ ያለ አንደበት ነበረው።

ከዚያ ስትሮክ መታው። ቀኝ እጁ ዛለ፤ አፉ ወደ አንድ ወገን ተሳበ። ይህስ ቀስ በቀስ ይሻሻላል ተባለ። የከፋው ሌላ ነበር፤ ሲነቃ ቋንቋችን ከራሱ ውስጥ ጠፍቷል። ሐኪሙ እንዳለው፣ ካደገ በኋላ የተማረው ቋንቋ ተሰውሮበት የእናቱ ቋንቋ ብቻ ቀርቷል፤ ሊመለስም ይችላል፣ ላይመለስም። ልብስ ሰፊዋ ደግሞ ከስፓኒሽ አንድ ፊደል አታውቅም። ዕድሜ ልክ አንድ ጣሪያ ሥር የኖሩ ባልና ሚስት በአንድ ጠዋት ባዕድ ሆኑ። እሱ ምግብ አልቀምስ አለ። የወንድሙ ልጅ ከዚያ ከሩቅ አገር ለሐኪሙ እየደወለ «ቋንቋውን ወደሚሰሙት ሰዎች ልውሰደው» ይላል፤ እሁድ ደውሎ ራሱን በያጁን ሊጠይቀው ነው። ልብስ ሰፊዋ ይህን ስትሰማ ታች ወርዳ ድንቢጥን ብቻ ጠራቻት።

እንግዲህ ወደ ማንኪያው።

«ምን ተገትረሽ ታዪኛለሽ? ንገሪው እንጂ!» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ድንቢጥ ያላት ያው የእርግብ ቤቱ ቋንቋ ነው። ጎንበስ ብላ ለግድግዳው የዞረውን ጆሮ እንዲህ አለችው፦ «ሚ ቢዳ። ኡን ፖኪቶ። ኡን ፖኪቶ፣ ኮራሶን።»

ሰውዬው ፊቱን መለሰ። ድንቢጥን አላያትም፤ ማንኪያውን የያዘችውን ነው ያያት። አያት፣ አያትና አፉን ከፈተ።

ሾርባው አለቀ። ልብስ ሰፊዋ ሳህኑን ይዛ ወደ ወጥ ቤት ከገባች በኋላ አንገቷን ብቅ አደረገች።

«ምን አልሽው አንቺ?»

«ያሉትን ነዋ፣ እትዬ።»

«አየሽ! ቆጣ ስለው ይሰማል ብዬሽ አልነበር? ይሄ ግንድ!»

ውሸት መጀመሪያ ላይ እንዲህ ናት፤ ክር ከመርፌ እንደምትወጣ ሳትታወቅ ትወጣለች። ድንቢጥ በበነጋታው ከትምህርት ቤት ስትመለስ ወጣች፤ በማግስቱም። ልብስ ሰፊዋ «አንተ ደረቅ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ጎደለ ልትል ነው?» ስትል፣ ድንቢጥ «ሰማዬ፣ ደህና ዋልክ?» ትላለች። «ያን እጅህን አንሣው እንጂ፣ ተከራይቶታል እንዴ አልጋው?» ስትል፣ «ልቤ፣ እጅህን ስጠኝ» ትላለች። ሰውዬው በላ። ተደግፎ ተቀመጠ። የዛለው እጁ ጣቱን ከብርድ ልብሱ ላይ ቀና ማድረግ ጀመረ።

ችግሩ እሱም መመለስ ጀመረ። አንድ ቀን የሚስቱን እጅ እያየ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሰማዬ፣ እጆችሽ ናፍቀውኛል፤ እዚህ ሆነውም ናፍቀውኛል» አለ። ድንቢጥ እስከ ጆሮዋ ቀላች።

«ምን አለ?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

እስቲ ፍረዱ፤ በዚህ ዕድሜ እንዲህ ያለ ነገር ለሴትዮዋ እንዴት ብላ ትንገራት? በዚያ ቤት እንዲህ ሲባል ሰምታ አታውቅም። ያንን ቤት የምታውቀው በስድብና በሳቅ ነው።

«እ... ጨው አነሰው አሉ።»

«ጨው?» ልብስ ሰፊዋ ወገቧን ያዘች። «እኔ ነኝ ጨው የማላውቀው? ሐኪሙ ነው የከለከለህ፣ ክፉ ሽማግሌ!» አለችና ወደ ስፌት መኪናዋ ዞረች፤ ስትዞር ግን ድንቢጥ አየቻት፣ ፊቷ ፈክቷል። «ክፋቱ ተመለሰለት፣ ተመስገን» አለች ለመኪናዋ።

ድንቢጥ ይህን ጉድ ለጓደኛዋ ለሎሚ በዕረፍት ሰዓት አጫወተቻት። ሎሚ በሳቅ ግድግዳውን ተደገፈች።

«ሁለቱንም ፎገርሻቸው ማለት ነው?»

«ፎገራ አይደለም...»

«ታዲያ ምንድነው? በስድብ ፈንታ ፍቅር፣ በፍቅር ፈንታ ጨው! አንቺ፣ አሪፍ እኮ ነው!»

«ቢያውቁስ?»

«ማን ይነግራቸዋል? ሰውዬው እየበሉ፣ ሴትዮዋ ደስ እያላቸው፣ ማን ተጎዳ? በናትሽ አታካብጂ።»

ድንቢጥ አላካበደችም። እስከ ቅዳሜ ድረስ።

ቅዳሜ እርግብ ቤቱን ጠርጋ ስትወርድ በያጁ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። ከወዲያኛው ክፍል የስፌት መኪናው ድምፅ ይሰማል።

«ጎሪዮን፣ በሩን ግፊው» አላት። በራሱ ቋንቋ ሲናገር ወንድና ሴት አያምታታም፤ ያኔ ሌላ ሰው ይመስላል። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እንዳትዋሺኝ። እየሞትኩ ነው?»

«ማን አለ?»

«እሷ።»

«እትዬ? እትዬ እኮ እንደዚያ ብለው አያውቁም!»

«አላለችም። ግን ስሚ።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ከመሰላል ወድቄ እግሬ የተሰበረ ጊዜ ምን አለችኝ? ‹ክንፍ ያለህ መሰለህ፣ አንተ አህያ!› ጣቴን እሳት የበላኝ ጊዜ፣ ‹የዚህ ጥብስ ኪሎው ስንት ነው?› እያለች ነው ያሰረችልኝ። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን እንኳ ሕይወቴ ብላኝ አታውቅም። አሁን በየማንኪያው ሕይወቴ፣ በየማንኪያው ሰማዬ። ሐኪሙ ለብቻዋ የነገራት ነገር አለ። እሷ እንዲህ የምትለው ለሚሄድ ሰው ነው።»

ድንቢጥ መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈች።

«እሷ ፊት አልሞትም» አለ በያጁ። «የሰው ሱሪ እያሳጠረች የኔን ቀን ትጠብቅ? ነገ ልጁ ሲደውል እሺ እለዋለሁ። ይውሰደኝ።»

ድንቢጥ ወጣች። ወደ ቤቷ አይደለም፤ ወደ ጣሪያው ተመለሰች። ባልዲውን ደፍታ ተቀመጠችበት። እርግቦቹ ጥግ ጥጋቸውን ይዘው ያንን ኩርርራቸውን ይላሉ፤ አንዱ አውራ ደግሞ ጓደኛውን አንገቷን ጠቅ እያደረገ፣ እየከበባት፣ ልክ ዕዳ እንደሚጠይቅ ሰው ያጉረመርምባታል።

እንግዲህ ምን ታድርግ? «አይሞቱም ጋሼ» ብትለው፣ «ታዲያ ለምንድነው እንዲህ የምትለኝ?» ይላታል። ያኔ ሚስቱ አንዱንም ቃል እንዳላለችው ያውቃል። ከተሻለው ወዲህ የቆመበት መሬት ያ ቃል ነው፤ እንዴት ከእግሩ ሥር ትስበው? ዝም ብትል ደግሞ ይሄዳል። የሚስቱ ምኞት ሳይሆን፣ የሱም ምኞት ሳይሆን፣ በሷ ምላስ ምክንያት ይሄዳል። እትዬስ? ካወቀች ዳግመኛ ደጃፏን ታስረግጣታለች?

«አታካብጂ» አለች ለራሷ በሎሚ ድምፅ። አልሠራም።

እሁድ ረፋዱ ላይ ወጣች። ልብስ ሰፊዋ መኪናዋ ላይ ጎንበስ ብላ የሆነ ሰው ሱሪ ታሳጥራለች፤ እስፒሎቿ ከንፈሯ ላይ ናቸው። ባሏ በወዲያኛው ክፍል ስልኩን ትራሱ አጠገብ አድርጎ ይጠብቃል።

«እትዬ፣ ዋሽቻለሁ» አለች ድንቢጥ።

«ምን ሰበርሽ?» አለች ልብስ ሰፊዋ ሳትዞር።

«አልሰበርኩም። ለጋሼ... እርስዎ ያሉትን አይደለም የምነግራቸው።»

መኪናው ቆመ።

«ምንድነው የምትነግሪው ታዲያ?»

«መጀመሪያ ቀን ‹ዋጥ› የሚለውን ስለማላውቀው ነው... ለእርግቦቹ የሚሉትን አልኳቸው። ከዚያ ደስ ሲላቸው... ‹ግንድ› ሲሉ ‹ሕይወቴ› እላለሁ። ‹ደረቅ› ሲሉ ‹ሰማዬ›። ‹ምን አገባኝ› ሲሉ ‹ልቤ፣ ትንሽዬ ብቻ›።»

ልብስ ሰፊዋ እስፒሎቹን ከአፏ አንድ በአንድ እያወጣች ትንሿ ትራስ ላይ ሰካቻቸው። ድንቢጥ ያለ እስፒል አይታት አታውቅም ነበር፤ ከንፈሯ ላይ የእስፒል ጫፍ የሚያህሉ ምልክቶች አሉ።

«እኔ?» አለች። «ለሱ? ሰማዬ?»

«አዎ እትዬ።»

«አንቺ ቀጣፊ! ሰማዬ! ጣሪያዬ ብትዪው እንኳ ባመነሽ፤ እሱስ ያፈሳል!» ልትቆጣ ነበር፤ ግን ቁጣው መሐል መንገድ ላይ ሌላ ነገር ሆነባት። «እሱስ?» አለች። «ጨው አነሰው ያልሽኝስ?»

«ጨው አላሉም። እጆችዎ ናፍቀውኛል ነው ያሉት። እዚህ ሆነውም።»

ልብስ ሰፊዋ እጆቿን አየች። ጠመኔ አለባቸው፤ አንዱ ጣቷ ላይ ቲምብሉ፣ ያቺ የመርፌ መግፊያ ቆቧ አለች። አወለቀቻት፣ መልሳ አጠለቀቻት።

«ሌላም አለ» አለች ድንቢጥ። «እየሞቱ ነው የመሰላቸው። ስድብ ስለቀረባቸው። ‹እሷ እንዲህ የምትለው ለሚሄድ ሰው ነው› አሉ። ዛሬ ሲደወል ይውሰደኝ ሊሉት ነው።»

በዚህ መሐል ስልኩ ከወዲያኛው ክፍል ጮኸ።

ልብስ ሰፊዋ ስትነሣ ሱሪው ከነክሩ መሬት ወደቀ። በሩን በክርኗ ገፍታ ገባች፤ ድንቢጥም ከኋላዋ። በያጁ ስልኩን በግራ እጁ ይዞታል፤ ስክሪኑ ላይ የወንድሙ ልጅ ፊት ይታያል። ከንፈሩን ለ«እሺ» እያዘጋጀ ነበር።

«የት ልትሄድ ነው አንተ?» አለች ልብስ ሰፊዋ። ጮኸች ማለት ይሻላል። «አንተ ግንድ! አንተ የዛገ ቱቦ! ያንን ሁሉ ዘመን ሱሪህን ያሳጠርኩት ጥለኸኝ ልትሄድበት ነው? ደግሞ እየሞትኩ ነው አለ አሉ! ማን ፈቀደልህ? ያ የወፍ ቤትህ እየሸተተ፣ ቧንቧው እያንጠባጠበ፣ ሳትበይድልኝ የት ትሞታለህ? ንገሪው!» ወደ ድንቢጥ ዞረች። «ቃል በቃል! አንዲት ሰማዬ ጣል ብታደርጊበት በዚህ ሜትር ነው የምገርፍሽ!»

ድንቢጥ ተረጎመች። በሕይወቷ እንደዚያ ተቸግራ አታውቅም። «የዛገ»ን አታውቀውም፤ «የታመመ ብረት» አለች። «ቱቦ»ን አታውቀውም፤ በእጇ አየር ላይ ሠራችው። «ግንድ»ን «ዛፍ፣ ግን ቅጠል የሌለው፣ ዝም ብሎ የተኛ» አለች። «ማን ፈቀደልህ»ን ግን ታውቀዋለች፤ ጫጩት ከቤቱ ሲሾልክ በያጁ ራሱ የሚለው ነው።

ግን ከሷ ቀድሞ ዜማው ደርሶት ነበር። ቃሉ ባይገባውም ያንን ድምፅ ያውቀዋል፤ ወገቧን አያያዟን፣ «ንገሪው» ስትል አገጯ የሚሄድበትን አቅጣጫ ያውቀዋል። የአፉ ደህናው ጥግ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከዚያ ደረቱ። ከዚያ አልጋው ራሱ። ሰውዬው እየሳቀ ነው።

«አጎቴ? ምን ሆንክ? ማነው የሚጮኸው?» ይላል ስልኩ ውስጥ ያለው።

«ልጄ፣ ቆይተህ ደውል» አለው በያጁ እንባውን በትከሻው እየጠረገ። «ሚስቴ እየሰደበችኝ ነው። ደህና ነኝ ማለት ነው።»

ስልኩን ዘጋው። ድንቢጥም ሳትጠየቅ፣ እግሯን እያየች፣ ስለዚያ ሁሉ ሕይወቴና ልቤ ነገረችው። የሚስቱ ሳይሆን የሷ እንደነበረ፣ ከእርግብ ቤት ያመጣችው እንደሆነ።

በያጁ ለአንድ አፍታ ጣሪያውን አየ።

«ቃሉማ የኔ እንደሆነ አውቄ ነበር» አለ። «ግን ሚስቴ ዘመኗን ሁሉ ደረጃው ላይ ቆማ ለእርግቦቹ የምለውን ስትሰማ የኖረች መስሎኝ ነበር።»

«ምን አለ? ጨው እንዳትዪኝ!»

ድንቢጥ ቃል በቃል ነገረቻት።

ልብስ ሰፊዋ የወደቀ ክር የምትፈልግ ይመስል መሬት መሬቱን አየች። «ሰምቼዋለሁ እንጂ» አለች በመጨረሻ። «ማታ ማታ ‹ሚ ቢዳ፣ ሚ ቢዳ› እያለ ሲያባብል እሰማለሁ። የአንዷ እርግብ ስም መስሎኝ! ስንቴ ወጥቼ ልክ ላስገባት አስቤአለሁ፣ ያቺን ሚ ቢዳ!»

ድንቢጥ ሳቋ ባፍንጫዋ ወጣ። ልብስ ሰፊዋም ልትስቅ ብላ ተወችው፤ ወደ ባሏ ጠጋ ብላ የተጣመመ ኮሌታውን ማቃናት ጀመረች። በያጁ ዛል ያለውን እጁን ቀስ ብሎ አንሥቶ እጇ ላይ አሳረፈው። ከንፈሩ የሆነ ነገር ፍለጋ ሲንቀሳቀስ ቆየና፣ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ በእኛ ቋንቋ አንዲት ቃል ወጣች።

«አንተ...»

ሁለቱም ሴቶች ፈዘው አዩት።

«አንቺ ነው የሚባለው!» አለች ልብስ ሰፊዋ። «አንተ ግንድ! ዕድሜዬን ፈጀሁብህ እኮ፣ አንቺ ነው!»

ከዚያ ጎንበስ ብላ፣ ኮሌታውን ሳትለቅ፣ የሆነ ነገር ጆሮው ላይ አለች። ዝቅ ያለች፣ አጭር ነገር። እስፒሎቹ ከወዲያኛው ክፍል ትራሷ ላይ ናቸውና በዚያች ቃል መሐል ምንም አልቆመም።

በያጁ ቃሉ የደረሰው እየመሰለው፣ ደግሞ ጆሮውን ማመን እያቃተው ወደ ድንቢጥ ዞረ። «ጎሪዮን፣ ምን አለችኝ?»

ድንቢጥ ሰምታታለች። በእርግብ ቤቱ ቋንቋ እንደተባለችም ታውቃለች። አፏን ከፈተች፤ መልሳ ገጠመችው። የእህሉን ቆርቆሮ ከመስኮቱ ሥር አነሣች።

«እኔ እርግቦቹን ላብላ፣ ጋሼ» አለች። «ራሳቸውን ይጠይቋቸው።»

ወጣች፤ በሩን ሳትዘጋው ገርበብ አድርጋ ተወችው። ደረጃው ላይ ስትደርስ ከኋላዋ ልብስ ሰፊዋ ያቺን ቃል ስትደግማት ሰማች፤ እየተኮላተፈች፣ እየተቆጣች። ድንቢጥ አልቆመችም፤ ላለመስማት ቆርቆሮውን እያንኳኳች ወደ ላይ ወጣች።

በሉ ልጆቼ፣ እግራችሁ ሳይደነዝዝ ተነሡ። አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ፦ አንድ ቀን በሁለት ሰዎች መሐል ቆማችሁ ምላሳችሁ ሲበላችሁ፣ ያቺን ቆርቆሮ እያንኳኳች ደረጃ የምትወጣ ልጅ አስታውሷት።